ማንም ያልነካው ፒያኖ ለምን ይበላሻል?

በአክስቴ ሳሎን፣ በመስኮቱ ሥር፣ አንድ ፒያኖ ቆሟል። ባለቤቷ በሕይወት ሳሉ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይጫወቱበት ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት ፒያኖውን የነካው ሰው አልነበረም። አክስቴ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርጋለች፣ ጥልፍ ልብስ ታለብሰዋለች፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ትደረድርበታለች። አምና የልጅ ልጇ ሙዚቃ መማር ስትጀምር ክዳኑ ተነሣ። ልጅቷ አንድ ቁልፍ ብትጫን ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው የተጣሉ። ባለሙያ ተጠራ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲቃኘው ውሎ ሄደ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፒያኖው ወደ ነበረበት ተመለሰ። አክስቴ እንደ ተታለለች ቆጠረችው። እኔን የያዘኝ ግን ከሁሉ በፊት የጠየቀችው ጥያቄ ነበር፦ "ማንም ሳይነካው እንዴት ይበላሻል?"

ይህን ጥያቄ ይዤ የሄድሁት ከኮተቤ ወደ ለገጣፎ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ወርክሾፕ ነው። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ሲከፈት የኮላና የተላገ እንጨት ሽታ ይቀበላል። እዚህ ፒያኖ በእጅ ይሠራል። ቃሉን በልኩ ልጠቀምበትና፣ ብረት አይቀልጥም፣ የአውታሩ ሽቦም አይሠራም። ትልቁ የብረት ማዕቀፍ የሚመጣው ከሞቱ ፒያኖዎች ነው፤ እንጨታቸውን ምስጥ ከበላው፣ ጣሪያ ካፈሰሰባቸው፣ በመጋዘን ጥግ ከተረሱ። ሽቦውና ለመዶሻ የሚሆነው ሱፍ ከውጭ ይገዛል። ሌላው ሁሉ፣ ከውስጡ ሳንቃ እስከ ዋንዛው ካቢኔ ድረስ፣ በመጋዝ፣ በመሮ፣ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ከባዶ ይሠራል። አንዱን ለመጨረስ ከዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል።

የቤቱ ባለሙያ ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ያደጉት በገና ይሠሩ በነበሩት አባታቸው ሥራ ቤት ነው። አብረዋቸው የሚሠሩት ሁለት ወጣቶች "ጋሼ" ይሏቸዋል፤ እኔም ከእነርሱ ተቀብዬ ጋሼ አልኋቸው። የአክስቴን ጥያቄ ስነግራቸው ወዲያው አልመለሱልኝም። ካቢኔው ወደ ተገፈፈ አንድ ፒያኖ ወሰዱኝና መዳፌን በብረቱ ላይ አስደገፉኝ። "ይኼ ዝም ብሎ የቆመ ይመስልሻል?" አሉኝ። "ሲጎተት የሚውል፣ ሲጎተት የሚያድር ዕቃ ነው፣ የኔ ልጅ።"

ፒያኖ ሲባል ዐይናችን የሚሄደው ወደ ቁልፎቹ ነው፤ 88 ናቸው፣ 52 ነጭና 36 ጥቁር። ከክዳኑ ሥር ግን ወደ 230 የሚጠጉ የብረት አውታሮች ተወጥረዋል። ለቀጫጭኖቹ ድምፆች ለአንድ ቁልፍ ሦስት ሦስት አውታር፣ ወረድ ሲል ሁለት ሁለት፣ ለጎርናኖቹ አንድ አንድ። አንዱ አውታር የተሳበው ሰባ ወይም ሰማንያ ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ተንጠልጥሎበት ቢሆን በሚሳብበት ኃይል ነው። ሁሉም ሲደመር ከ18 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። 20 ቶን ማለት ሁለት መቶ ኩንታል ጤፍ ነው። የአክስቴ ፎቶግራፎች ለዘጠኝ ዓመት የተቀመጡት በዚህ ጉተታ ላይ ነበር።

በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩ የበግ አንጀት ስለሆነ ሁለቱ ምሰሶዎችና ቀንበሩ እንጨት ሆነው ይችሉታል። የመጀመሪያዎቹ ፒያኖዎችም እንዲሁ በእንጨት ብቻ የተያዙ ነበሩ። እየቆየ ግን አዳራሹ ሰፋ፣ ተጫዋቹም የበለጠ ጉልበት ያለው ድምፅ ፈለገ፤ ለዚያ ወፍራም አውታርና ከባድ ውጥረት ያስፈልግ ነበር፤ እንጨቱም መጉበጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1825 በአሜሪካ ቦስተን አልፊየስ ባብኮክ የተባለ ሰው በአንድ ወጥ የተቀረጸ የብረት ማዕቀፍ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዛሬ በየፒያኖው ውስጥ የምናየው ወርቃማ ቀለም የተቀባ ብረት የዚያ ልጅ ነው። የጋራዥ ሰዎች ጊዛ የሚሉት ዓይነት ብረት ነው፤ ሲገፉት አይጎብጥም፣ ከተሰነጠቀ ግን መጠገኑ እጅግ ያስቸግራል። ጋሼ አሮጌ ፒያኖ ሊገዙ ሲሄዱ ከሁሉ አስቀድመው በባትሪ የሚመረምሩት ይህን ነው። እንጨቱ ዱቄት ሆኖ ብረቱ ደኅና ከሆነ ይገዙታል፤ ብረቱ ተሰንጥቆ እንጨቱ ቢያበራ ትተውት ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ ጉተታ ለምን አስፈለገ? የአንድ አውታር ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በክብደቱና በውጥረቱ ነው። ርዝመቱን እጥፍ ብናደርገው ያው ድምፅ ዝቅ ብሎ ይመለሳል፤ ሙዚቀኞች ይህን ርቀት ኦክታቭ ይሉታል። በፒያኖ ላይ በጣም ቀጭን ድምፅ የሚሰጠው የመጨረሻው አውታር 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ጎርናና ድምፅ ከእርሱ ሰባት ኦክታቭና ሩብ ይወርዳል። በርዝመት ብቻ እናውርደው ብንል አውታሩ ከሰባት ሜትር ተኩል በላይ ሊሆን ነው፤ ከአክስቴ ሳሎን ይበልጣል። ስለዚህ የታችኞቹ አውታሮች የመዳብ ሽቦ ይጠመጠምባቸዋል፤ ይከብዳሉ፣ ሲከብዱ ቀስ ብለው ይርገበገባሉ፣ ድምፃቸውም አጭር ሆነው ሳለ ይወርዳል። አውታሩን አላልቶ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን የላላ አውታር የሞተ ድምፅ ነው ያለው። ጥሩ ድምፅ ያለው ወደ መበጠሻው ቀረብ ባለ ውጥረት ላይ ነው።

እያንዳንዱ አውታር በአንድ ጫፉ የሚጠመጠመው በብረት መቃኛ ላይ ነው። ክራር የያዘ ሰው መቃኛ ምን እንደሆነ ያውቃል። የፒያኖው መቃኛ ከጣት ቀጠን ያለ የብረት ችንካር ሲሆን፣ በጠንካራ እንጨት ውስጥ ተመትቶ ይገባል፤ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው የእንጨቱ ጥብቀት ብቻ ነው። መቆለፊያ የለውም፣ መወጠሪያ ብሎን የለውም። ያንን እንጨት የሚሠሩት እንደ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ላይ ጣውላ እያጣበቁ፣ የአንዱ ክር የሌላውን እንዲያቋርጥ አድርገው ነው። ለካቢኔው ያን ያህል የሚያምረው ዋንዛ እዚህ አይሆንም፤ ለስላሳ ስለሆነ መቃኛውን ይለቃል። ቀዳዳው ከመቃኛው በትንሹ መጥበብ አለበት፤ ትንሽ ከሰፋ አይዝም፣ ከጠበበ እንጨቱ ይሰነጠቃል። አንደኛው ወጣት በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ እየቀዳ፣ መቃኛ እየመታ፣ በመፍቻ እያዞረ ሲለማመድ አየሁት። ጋሼ ከሩቅ ሆነው የመፍቻውን ድምፅ ብቻ ሰምተው "ሰፍቷል" አሉት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ብቻውን የተወጠረ አውታር ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ቀጭን ስለሆነ አየሩን እየሰነጠቀ ያልፋል እንጂ አይገፋውም። ክራርን የሚያናግረው ቆዳ የለበሰው ገበቴ ነው፤ አውታሩ የተደገፈበትን ብርኩማ ያንቀጠቅጣል፣ ብርኩማው ቆዳውን፣ ቆዳው አየሩን። በፒያኖ የቆዳውን ቦታ የያዘው ከአውታሮቹ ጀርባ የተዘረጋ ሰፊ ሳንቃ ነው። ስፋቱ የበር ያህል፣ ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ። የሚሠራው ስፕሩስ ከሚባል መርፌ ቅጠል ካለው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው፤ ቀላል ሆኖ ግትር የሆነ እንጨት እንደ እርሱ ብዙ የለም። በጋው አጭር በሆነ ተራራ ላይ የበቀለው ይመረጣል፤ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የዕድሜ ቀለበቶቹ ጠባብና እኩል ይሆናሉ።

ጋሼ ሁለት ቀጫጭን የስፕሩስ ጣውላዎች አንሥተው ጫፋቸውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። አንደኛው ደወል መሰለ፤ ሌላው የካርቶን ድምፅ ሰጠ። ለዐይን ልዩነት አልነበራቸውም። ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውንም ነገሩኝ። ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያደረግነው ጣውላ ማንኳኳት ነበር፤ እኔ እየመረጥሁ፣ እርሳቸው እያረሙኝ። ከአሥሩ አራቱን ስቻለሁ። "በእጅ የተሠራ" የሚለው ቃል ትርጉሙ እዚህ ላይ የገባኝ ይመስለኛል። ማሽን እንጨትን ከእጅ በተሻለ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፤ ጋሼም ማሽን ቢያገኙ ለመቁረጡ ይጠቀሙበታል። እጅ የሚያስፈልገው እንጨት ከእንጨት ስለሚለይ ነው፤ ይህኛው አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይቀነስለት፣ ያኛው ይቅር እያሉ የሚወስኑት ለእያንዳንዱ ጣውላ ለየብቻው ነው።

የተመረጡት ጣውላዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው አንድ ሳንቃ ይሆናሉ። ሳንቃው ግን ጠፍጣፋ አይደረግም። በጀርባው አቋርጠው የሚያልፉ ዘንጎች ተለጥፈውበት፣ በሞርሳ ተጨምቆ፣ በመሐል በኩል በጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲያብጥ ይደረጋል። እንደ ምጣድ አክንባሎ ያለ፣ ለዐይን የማይታይ እብጠት ነው። አውታሮቹ በብርኩማው በኩል ሳንቃውን በመቶዎች ኪሎ ግራም በሚቆጠር ኃይል ይጫኑታል፤ እብጠቱ ይህን ጫና ይቋቋማል፣ አውታሩና ሳንቃው እንዳይላቀቁም ያደርጋል።

የአክስቴ ጥያቄ መልስ ያለው በዚህ እብጠት ውስጥ ነው። በሐምሌ አልዘጋ ብሎ የሚያስቸግር በር በኅዳር ያለ ችግር እንደሚዘጋ እናውቃለን። እንጨት ከአየሩ ርጥበት ይጠጣል፣ ሲጠጣ ያብጣል፤ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይሰጣል፣ ይኮማተራል። የሚያብጠው ደግሞ ወደ ጎን እንጂ በክሩ ርዝመት አይደለም። በር ሲያብጥ ከመቃኑ ጋር ይጋጫል። የፒያኖው ሳንቃ ግን ዙሪያው በኮላ ተይዟል፤ ወደ ጎን መሄጃ ስለሌለው ወደ ፊት ያብጣል። ሲያብጥ ብርኩማውን ይገፋል፣ ብርኩማው አውታሩን ይወጥራል፣ ድምፁ ከፍ ይላል። በጋ ሲገባ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሳንቃው ይወርዳል፣ አውታሩ ይላላል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ክረምቷ እንደዚያ ርጥብ፣ በጋዋ እንደዚያ ደረቅ ሆኖ ሳለ ፒያኖ በዓመት አንዴ ወጥቶ አንዴ መውረዱ አይቀርም።

ሁሉም እኩል ቢወጣና እኩል ቢወርድ ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ ፒያኖው በጠቅላላው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እርስ በርሱ ይስማማ ነበር። ሳንቃው ግን በመሐል ከዳር የበለጠ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ የመሐሉ ድምፆች ከዳሮቹ ይርቃሉ። ውጥረቱ በየወቅቱ ሲቀያየር ደግሞ ከ230ው መቃኛ አንዱ የፀጉር ያህል ይለቃል፣ ጎረቤቱ አይለቅም። ከአንድ ቁልፍ ሦስት የተጣላ ድምፅ የወጣው ለዚህ ነው። በመስኮት የሚገባው የጠዋት ፀሐይ ሽቦውን ሲያሞቀው፣ ሽቦው ስለሚዘረጋ፣ በየቀኑ የራሱን ይጨምርበታል። አክስቴ ማንም አልነካውም ስትል እውነቷን ነው። ዘጠኝ ክረምትና ዘጠኝ በጋ ግን ነክተውታል።

በዚህ የተነሣ በወርክሾፑ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። ከውጭ የመጣ የሳንቃ እንጨት ወዲያው አይነካም። በመደርደሪያ ላይ፣ አየር በመካከሉ እንዲያልፍ በዘንግ ተለያይቶ፣ አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ ይተኛል። የዚህን አገር አየር ይለማመድ ዘንድ ነው። የሚጣበቀው ደግሞ በደረቁ ወራት ብቻ ነው። ደርቆ የተጣበቀ ሳንቃ በክረምት ያብጣል፤ ማበጥን የተሠራበት ቅርጽ ይችለዋል። ርጥብ ሆኖ የተጣበቀ ግን በበጋ ሲኮማተር መሄጃ ያጣና ይሰነጠቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳንቃ አጣብቅልኝ ብሎ ገንዘብ ያስቀደመ ሰው እንኳ እስከ ኅዳር ይጠብቃል።

ቀድሞ የመጣው ባለሙያ ሥራ በሦስት ሳምንት ለምን ፈረሰ? አክስቴ ያልሠራ መስሏት ነበር። ጋሼ ይህን በአንድ እጅ እንቅስቃሴ አሳዩኝ። በጣም የወረደን ፒያኖ ከዳር ጀምረን አውታር በአውታር ብናነሣው፣ እያንዳንዱ የተወጠረ አውታር በሳንቃው ላይ ጫና ይጨምራል። ሳንቃው ወደ ውስጥ ይሰጣል። ሳንቃው ሲሰጥ ቀደም ብለን የቃኘናቸው አውታሮች ይላላሉ። የመጨረሻውን ጨርሰን ወደ መጀመሪያው ስንመለስ ወርዶ እናገኘዋለን። ስለዚህ ብዙ የወረደ ፒያኖ በአንድ ዙር አይቃኝም። በመጀመሪያው ዙር ለጥራት ሳይጨነቁ ከሚፈለገው በጥቂቱ አስበልጠው ያነሡታል፤ በሁለተኛው ይቀርባሉ፤ በጆሮ የሚቃኙት በሦስተኛው ነው። ከዚያም በኋላ ሳንቃውና ሽቦው አዲሱን ጫና እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ በወራት ውስጥ እንደገና መጥቶ መቃኘት የሥራው አካል እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። ያ ባለሙያ አላታለላትም ብዬ አምናለሁ። ያጎደለው ነገር ቢኖር ይህን አለማስረዳቱ ነው።

"መቃኘት" የምንለው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ክራር ያለው ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ክራር ተጫዋች ትዝታ ሊጫወት ሲል ለትዝታ ይቃኛል፤ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር መቃኛዎቹን እንደገና ያዞራል። አውታሩ አምስት ወይም ስድስት ስለሆነ በጥቂት ጊዜ ያልቃል። ለእያንዳንዱ ቅኝት ጆሮ የሚወደውን ርቀት ማግኘት ይችላል። ፒያኖ ይህን ማድረግ አይችልም። 230 አውታር በዘፈኖች መካከል ማን ያዞራል? አንድ ጊዜ ተቃኝቶ ሁሉንም ቅኝት፣ ከየትኛውም ቁልፍ ተነሥቶ ማገልገል አለበት።

ችግሩ ከእጅ ጥበብ ሳይሆን ከቁጥር የሚመጣ ነው። ሁለት ድምፆች ፍጹም ተስማምተው የሚሰሙት የመርገብገብ ፍጥነታቸው በቀላል ምጥጥን ሲገናኝ ነው። አንዱ ሁለት ጊዜ ሲርገበገብ ሌላው ሦስት ጊዜ ቢርገበገብ፣ ከኦክታቭ ቀጥሎ ለጆሮ በጣም የሚጥመው ርቀት ይገኛል። ከፒያኖው ግርጌ ተነሥተን በዚህ ርቀት አሥራ ሁለት ጊዜ ብንወጣ የመጀመሪያው ፍጥነት 129.75 ጊዜ ያህል ይባዛል። በሰባት ኦክታቭ ብንወጣ ደግሞ 128 ጊዜ ይባዛል። ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱን ያው ቁልፍ ላይ ነው፤ ድምፃቸው ግን አይገናኝም። ትርፉ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት ሩብ ያህላል። ይህ ትርፍ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከተከመረ እዚያ የደረሰ ሙዚቃ ሁሉ ይጎረብጣል። ስለዚህ የዛሬ ፒያኖ ቃኝ ለአሥራ ሁለቱም እኩል ያከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱን ርቀት ጆሮ ከማያስተውለው በታች ያሳጥራል። ፒያኖ ላይ ፍጹም ንጹሕ የሆነ ከኦክታቭ ውጭ አንድም ርቀት የለም ማለት ነው።

ጋሼ ይህን የሚያደርጉት በመቁጠር ነው። ሁለት አውታሮች በትንሹ ሲለያዩ ድምፃቸው ዋ… ዋ… ዋ… እያለ ያብጥና ይሟሽሻል። አንዱ በሴኮንድ 440፣ ሌላው 441 ጊዜ ቢርገበገቡ በየሴኮንዱ አንድ ማዕበል ይሰማል። ለአንድ ቁልፍ የሆኑት ሦስቱ አውታሮች ማዕበሉ ጨርሶ እስኪጠፋ ይቃኛሉ። ሌሎቹ ግን ሆን ተብሎ ማዕበል ይተውላቸዋል፤ ለምሳሌ በመሐሉ አካባቢ ባለ አንድ የቁልፍ ጥንድ በአራት ሴኮንድ ሦስት ማዕበል። ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው በእግራቸው ምት እየያዙ ይቆጥራሉ። በገና ሠሪው አባታቸው ማዕበልን ማጥፋት አስተምረዋቸው ነበር፤ ትክክለኛውን ያህል ማዕበል መተውን ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ አሉኝ።

በዚህ ትርፉ እኩል በተከፋፈለበት ፒያኖ ላይ የእኛን ቅኝት ማናገር የቻሉ ሰዎች መኖራቸው ያኮራኛል። አዲስ አበባ ተወልደው በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያ የተማሩት ግርማ ይፍራሸዋ ፒያኖን እንደ ባዕድ ዕቃ አልያዙትም። የእማሆይን ጣት ስሰማ ፒያኖው ያጣውን ንጹሕ ርቀት በጊዜ የሚክሱት ይመስለኛል፤ አንዱን ድምፅ ያዘገዩታል፣ ሌላውን ቸኩለው ይነኩታል፣ ጆሮዬም የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ከመውጣቴ በፊት ጋሼ ቡና አስፈሉና በባዶው ስኒ ሌላ ነገር አሳዩኝ። ማንኪያውን ከስኒው ጋር አጋጭተው ወዲያው ሲያነሡት ስኒው ጮኸ። አጋጭተው እዚያው ሲይዙት ድምፁ ታፈነ። "ፒያኖ ይኼው ነው" አሉ። ጣት ቁልፉን ይጫናል፤ ቁልፉ በሌላ ጫፉ መዶሻ ያነሣል። መዶሻው እስከ መጨረሻው በጣት ቢገፋ አውታሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ድምፁን ይገድለዋል። ስለዚህ አውታሩ ጋ ሊደርስ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ከገፊው ይላቀቃል፤ የቀረውን መንገድ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ብቻውን ሄዶ፣ መትቶ፣ ይመለሳል። ጣት ቁልፉን እንደ ጫነ ነው፤ መዶሻው ግን ነጻ ነው። ይህን ማላቀቂያ የፈጠረው በጣሊያን ፍሎሬንስ በሜዲቺ መሳፍንት ቤት ይሠራ የነበረው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1700 በተጻፈ የቤቱ ንብረት መዝገብ ላይ መሣሪያው ተጠቅሷል። ከእርሱ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድ የሚባል ባለ ቁልፍ መሣሪያ አውታሩን ይቆነጥር ስለነበር ቀስ ብለው ቢጫኑትም ሆነ በኃይል ድምፁ ያው ነበር። የክሪስቶፎሪ መዶሻ በኃይል ሲወረወር በኃይል፣ በቀስታ ሲወረወር በቀስታ ይመታል። ፒያኖፎርቴ የሚለው ሙሉ ስሙም ከዚያ መጣ፤ በጣሊያንኛ ፒያኖ ለስላሳ፣ ፎርቴ ብርቱ ማለት ነው። ከሠራቸው ሦስቱ እስከ ዛሬ አሉ፤ በኒው ዮርክ፣ በሮምና በላይፕሲግ።

ጋሼ መዶሻውን የሚያለብሱት በታመቀ የበግ ሱፍ ነው። ሱፉ ከጠነከረ ድምፁ ይጮኻል፣ ከለሰለሰ ይታፈናል። በቀጭን መርፌ እየወጉ ያፍታቱታል፤ አንድ ጊዜ ወግተው ቁልፉን ይጫናሉ፣ ያዳምጣሉ፣ እንደገና ይወጋሉ። ከ88ቱ መዶሻዎች እያንዳንዱ በጎረቤቱ ልክ እስኪናገር ይህ ይቀጥላል። የወጉትን መመለስ ስለሚያስቸግር ሥራው የሚሄደው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ትንሹ ወጣት እስካሁን መርፌ አልተሰጠውም።

በጥር መጨረሻ ጋሼ ወደ አክስቴ ቤት መጡ። መሣሪያ ከማውጣታቸው በፊት ፒያኖውን ከመስኮቱ አንሥተን ፀሐይ ወደማያገኘው የውስጥ ግድግዳ እንድናዞር አደረጉ። አክስቴ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ አንሥታ ወደ ቡፌው ወሰደቻቸው፤ የባለቤቷን መጨረሻ ላይ። ጋሼ የብረቱን ስንጥቅ በባትሪ ፈለጉ፣ አላገኙም። ያረጀ ሽቦ እንዳይበጠስባቸው በመጀመሪያው ዙር ትንሽ ብቻ አነሡት፤ ሁለት ቀን ተወት አድርገው ተመለሱ፤ ሦስተኛውን ዙር ዐይናቸውን ጨፍነው በእግራቸው እየቆጠሩ ጨረሱ። ልጅቷ ያንኑ ቁልፍ ስትጫን ከሦስቱ አውታር አንድ ድምፅ ወጣ። አክስቴ ምንም አልተናገረችም፤ "እንደገና" ብላ ብቻ አስጫነቻት።

ሊወጡ ሲሉ ጋሼ ቀጠሮ ሰጧት። ክረምቱ እንደ ወጣ አይሆንም፤ በሩ ቶሎ ቢደርቅም ሳንቃው ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ከመስቀል በኋላ አንድ ወር ይጠበቅ። አክስቴ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርዳ ጥቅምት 17 ላይ በእስክሪብቶ ክብ አደረገችበት።